92 በመቶ የሚለው ቁጥር የማይነግርሽ፦ ስለ ካናቢስ ቬፕ ጥራት

የቀረበው ጥያቄ፦

«የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜ ሎስ አንጀለስ ከገባ 14 ዓመት አልፎታል። ወገቡን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ ሕመሙ እንቅልፍ ስለሚነሳው የካናቢስ ቬፕ ይጠቀማል፤ እዚያ ሕጋዊ ነው ይለኛል። በቪዲዮ ስንደዋወል ዕቃውን እያሳየኝ ‹92 በመቶ ነው፣ አንደኛ ነው› አለኝ። አሁን ደግሞ አንድ ወዳጁ 96 በመቶ የሆነ በግማሽ ዋጋ አግኝቶለታል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥራቱም ከፍ ይላል ማለት ነው? ለጥምቀት ሲመጣስ ይዞት መምጣት ይችላል?»

ምላሽ፦

ሁለተኛውን ጥያቄሽን በአጭሩ ላስቀድም፤ ይዞት መምጣት የለበትም። ምክንያቱንና በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ቬፕ የካናቢስ (የሐሺሽ ተክል) ዘይትን በባትሪ እያሞቀ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ነው። በመቶኛው የሚናገረው ስለ ዘይቱ ኃይል ነው፤ ስለ ጥራቱ አይደለም። 92 በመቶ ማለት ከመቶው እጅ 92ቱ ቲኤችሲ የሚባለው፣ ሕመምም የሚያስታግሰው ራስንም የሚያዞረው ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው። ሳንባ የሚጎዳው ወይም የሚተርፈው ግን በሌላ ነገር ነው፤ በቀሪው 8 እጅ ውስጥ ባለው፣ ዘይቱ በተቀመጠበት ብረት፣ እና በሚሞቅበት ልክ። አረቄ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ጉሮሮ ያነደደ ሁሉ ንጹሕ አረቄ አይደለም። ወዳጁ በግማሽ ዋጋ ያገኘለትን 96 በመቶ ደግሞ ፈቃድ ካለው መደብር መገዛቱን በደረሰኝ ካላረጋገጠ ጨርሶ አይንካው።

ኃይሉ ራሱ ያን ያህል እንደማይለያይ በሒሳብ እንየው። ካርትሪጅ የሚባለው ባትሪው ላይ የሚጠመዘዘው፣ ዘይቱን የያዘው ትንሽ ቱቦ ነው። አንድ ግራም የሚይዝና 92 በመቶ የሆነ ካርትሪጅ 920 ሚሊግራም ቲኤችሲ አለው። 200 ጊዜ ቢሳብ በአንድ ስበት 4.6 ሚሊግራም ይወጣል። 80 በመቶ የሆነው በዚያው ልክ ሲሳብ 4 ሚሊግራም ይሰጣል። ልዩነቱ 0.6 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ አንድ ሰከንድ አስረዝሞ መሳብ ከዚያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ምርምር ተቋም በ2021 ለጥናቶች መለኪያ እንዲሆን የወሰነው አንድ ልክ 5 ሚሊግራም ነው፤ ይህ ማለት ወንድምሽ በአንዲት ስበት ወደ አንድ ሙሉ መለኪያ ይጠጋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለ12 እጅ ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል፣ ከዚያም አልፎ ምንጩ ወዳልታወቀ ዕቃ መሄድ፣ ምንም ትርፍ የለውም።

ቁጥሩም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሎስ አንጀለስ ባለችበት በካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን በላቦራቶሪ ከተገኘው በ10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ 92 የተባለው 83 ቢሆንም ሕግ አልጣሰም። ከዚህም ሌላ ገዢው ቁጥር እያየ ስለሚገዛ፣ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጣቸውን ላቦራቶሪ እየፈለጉ የሚዞሩ አምራቾች መኖራቸው እዚያ የታወቀ ችግር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ገበያው ላይ በብዛት ያለው ዲስቲሌት ይባላል። ተክሉ በኤታኖል፣ በቡቴን ጋዝ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታጠብና የወጣው ዝቃጭ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ እየሞቀ ይነጠራል። በመነጠሩ ቲኤችሲው 85፣ 90፣ 95 ይደርሳል፤ መዓዛው ግን መንገድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ተርፒን የሚባሉት የመዓዛ ዘይቶች ኋላ ይጨመሩበታል፤ ልካቸው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ላይቭ ሬዚን የሚባለው ተክሉ ሳይደርቅ እንደታጨደ በረዶ ሆኖ የሚሠራ ነው። ሮዚን ደግሞ ያለ ምንም ማሟሚያ በሙቀትና በግፊት ብቻ ይጨመቃል። የእነዚህ የሁለቱ ቁጥር ዝቅ ብሎ 65፣ 70፣ 80 ላይ ይገኛል፤ ቀሪውን የያዘው የተክሉ የራሱ መዓዛና ሌሎች ንጥረ ነገሮቹ ናቸው። በእኔ ግምት በደንብ የተመረመረ 75 በመቶ ላይቭ ሬዚን፣ ምንነቱ ያልተነገረ ጣዕም ከተጨመረበት 92 በመቶ ዲስቲሌት ይበልጣል። ሮዚን ስለሆነ ብቻ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ማሳው ላይ ፀረ ተባይ የተረጨ ተክል ሲጨመቅ ፀረ ተባዩም አብሮ ይጠራቀማል።

አሁን ዋናው አደጋ ወዳለበት ልግባ። ማር የሚገዛ ሰው ዕቃውን ዘንበል አድርጎ አወራረዱን ያያል፤ ወፍራምና ዝግ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው ይላል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ የስኳር ሽሮፕ ያወፍርበታል። የቬፕ ገዢም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ካርትሪጁን ገልብጦ የአየር አረፋዋ ቀስ ብላ ከወጣች «ያልተቀጠነ ነው» ብሎ ይገዛል። አጭበርባሪዎች ለዚህ መልስ አገኙ። ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል፣ በቆዳ ቅባትና በእንክብል ውስጥ የተለመደ ዘይት አለ፤ ቀለሙም ውፍረቱም ከቲኤችሲ ዘይት ጋር ይመሳሰላል። ዘይቱን በእሱ ሲያበዙት አረፋዋ ያው ቀስ ብላ ትወጣለች። ቆዳ ላይ ወይም ሆድ ውስጥ ችግር የማያመጣው ይህ ዘይት ሞቆ ሳንባ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

በ2019 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች ትንፋሽ እያጠራቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 አጋማሽ ድረስ ሆስፒታል የገቡትና የሞቱት 2,807 ሆነው ተመዘገቡ፤ ከእነዚህ 68ቱ ሞተዋል። ከ51 ሕሙማን ሳንባ ታጥቦ በወጣው ፈሳሽ ሲመረመር በ48ቱ ውስጥ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኘ፤ ለማነጻጸር በተመረመሩት ጤነኛ ሰዎች ውስጥ ግን አልተገኘም። አብዛኞቹ ሕሙማን ዕቃውን ያገኙት ከጓደኛ፣ ከመንገድ ወይም ከኢንተርኔት ሻጭ ነበር። ብዙዎቹ የጠቀሱት «ዳንክ ቬፕስ» የሚል ስም ደግሞ ማንም ባዶ ማሸጊያውን ገዝቶ በፈለገው ዘይት የሚሞላው የሐሰት ምልክት ነበር። ስለዚህ አረፋ ማየት፣ ቀለም ማየት፣ ያማረ ማሸጊያ ማየት ጥራት መለያ አይሆንም። ወንድምሽ «በግማሽ ዋጋ» ሲልሽ ዋጋው በምን ቀነሰ ብለሽ ጠይቂው፤ ምርመራው፣ ግብሩና ፈቃዱ ሲቀሩ ነው በዚህ ልክ የሚቀንሰው።

የተጨመረው ነገር ቫይታሚን ኢ ባይሆንም እንኳ ዝርዝሩ ላይ ኤምሲቲ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚል ካየ ይተወው። የምግብ ዘይትና ቅባት ለመጥበሻ እንጂ ለሳንባ አልተፈጠረም። ጥሩ ካርትሪጅ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ የካናቢስ ዘይትና ተርፒን፣ በቃ።

ይህን ሁሉ በዓይን ማወቅ ስለማይቻል ያለው መንገድ የላቦራቶሪ የምርመራ ወረቀቱን ማንበብ ነው። በካሊፎርኒያ ፈቃድ ባለው መደብር የሚሸጥ እያንዳንዱ የምርት ዙር የራሱ ወረቀት አለው። መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያለው የባች (የምርት ዙር) ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ይይ። ቁጥሩ ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ዕቃ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለውን የኪውአር ኮድ በስልኩ ሲያነብ የሚከፈተው የላቦራቶሪው የራሱ ገጽ መሆን አለበት፤ የሻጩ ገጽ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ከሆነ ማንም ሊያስተካክለው ይችላል። የመደብሩንና የአምራቹን ፈቃድ በግዛቱ የካናቢስ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ መፈተሽ ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ መደመር ነው። የካናቢኖይዶቹን (የቲኤችሲንና የመሰሎቹን የተክሉን ንጥረ ነገሮች) ድምርና የተርፒኖቹን ድምር አንድ ላይ ይደምር። ቲኤችሲ 96፣ ተርፒን 9 ከተባለ 105 ይሆናል፤ ከመቶ በላይ የሚሆን ነገር ስለሌለ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው። በተቃራኒው ድምሩ 80 ሆኖ ዕቃው ዲስቲሌት ከተባለ ቀሪው 20 እጅ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። ቲኤችሲኤ የሚል መስመር ካለ ደግሞ እሱ ሲሞቅ ነው ቲኤችሲ የሚሆነውና በ0.877 ተባዝቶ ነው የሚደመረው። አንዳንዱ ሳያባዛ ደምሮ ቁጥሩን ያሳብጣል።

ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮች ናቸው ሳንባውን የሚመለከቱት። ካሊፎርኒያ ለሚተነፈስ ምርት የፈቀደችው የከባድ ብረት ጣሪያ በአንድ ግራም ዘይት እርሳስ 0.5 ማይክሮግራም፣ አርሴኒክ 0.2፣ ካድሚየም 0.2፣ ሜርኩሪ 0.1 ነው። የቡቴንና የኤታኖል ቅሪት እያንዳንዳቸው ከ5,000 ማይክሮግራም፣ ቤንዚን የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ደግሞ ከ1 ማይክሮግራም መብለጥ የለባቸውም። (ይህ ቤንዚን መኪና የሚቀዳው ሳይሆን በውስጡ ጥቂት የሚገኘው ኬሚካል ነው።) አፍላቶክሲን፣ ይኸው በበርበሬና በለውዝ የምናውቀው የሻጋታ መርዝ፣ በኪሎ ከ20 ማይክሮግራም በታች መሆን አለበት። ፀረ ተባይ 66 ዓይነት ይመረመራል፤ ከእነሱ 21ዱ በጥቂቱም ቢሆን መታየት የለባቸውም። ከተፈቀዱት መካከል ማይክሎቡታኒል የሚባለውን ፀረ ፈንገስ ለይቶ ይይ፤ የወይን ገበሬ የሚረጨው ነው፣ ፍሬ ላይ ሲበላ የሚፈቀድ ልክ አለው፣ ሲሞቅ ግን ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጣሪያው 0.1 ማይክሮግራም ነው፤ ምንም ያልተገኘበትን መምረጥ ይሻላል።

«አልፏል» የሚለው ቃል ብቻውን አይብቃው፤ ቁጥሩን ያንብብ። እርሳስ 0.48 የሆነና 0.02 የሆነ ሁለቱም «አልፏል» ይባላሉ።

ወረቀቱም የማይነግረው አለ። በ2024 አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ከሕጋዊ መደብር የተገዙ ምርቶችን ለብቻው አስመርምሮ ፀረ ተባይ ከጣሪያ በላይ ያለባቸው ቬፖች ማግኘቱን ጽፏል፤ ከተገኙት አንዱ ፓይሜትሮዚን ጭራሽ ከ66ቱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዝርዝሩ ላይ የሌለ አይፈለግም፣ ያልተፈለገም አይገኝም። ስለዚህ ፀረ ተባይን በተመለከተ ከሕጉ አልፎ የመረመረ አምራች ካለ እሱን መምረጥ ነው። የብረቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሕጉ አራቱን ብረቶች ይጠይቃል፤ ኒኬልና ክሮሚየም ግን ከአራቱ ውስጥ አይደሉም። እነሱ ደግሞ ዋናው ምንጫቸው ዘይቱ ሳይሆን ዕቃው ነው።

ወደ ዕቃው እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። ንጹሕ ዘይት በመጥፎ ካርትሪጅ ውስጥ ከገባ ወራት ሲቀመጥ ብረት ይጠጣል። ማሞቂያው ሽቦ ብዙውን ጊዜ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። መሐል ላይ የቆመው ዘንግ ነሐስ ከሆነ፣ በቀላሉ እንዲቀረጽ እርሳስ የተጨመረበት ነሐስ ሊሆን ይችላል። ሽቦውን የሚያያይዘው ብየዳም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ተርፒን ደግሞ ማሟሚያ ነው፤ በበዛ ቁጥር ብረቱን ይበላል። ወንድምሽ የሚመርጠው መስታወት ቱቦ፣ ሴራሚክ ማሞቂያ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ሴራሚክ ዘንግ ያለው መሆን አለበት፤ ከሁሉም ሙሉ በሙሉ ሴራሚክ የሆነው ይሻላል። የጥጥ ክር ያለው የድሮ ዓይነት ዘይቱ ሲደርቅበት ጥጡ ይቃጠላል፣ ወፍራም ዘይትም በደንብ አይስብም። የምርመራው ናሙና ከበርሜል የተቀዳ ዘይት ነው ወይስ ከተሞላ ካርትሪጅ የወጣ የሚለውንም ወረቀቱ ላይ ይፈልግ። ኮሎራዶ ከ2022 ጀምሮ ከመሣሪያው የሚወጣው ጭስ ራሱ ለብረት እንዲመረመር ያስገደደችው ለዚህ ነው።

የተሞላበትም ቀን ይታይ። ከስድስት ወር ያለፈው ላይ ለመቆጠብ ብሎ እጁን አይዘርጋ። ዘይቱ በአየርና በብርሃን ሲቆይ ቲኤችሲው ቀስ በቀስ ሲቢኤን ወደሚባል፣ ኃይሉ ደካማ ወደሆነ ነገር ይለወጣል፤ ቀለሙም ከወርቃማ ወደ ቡናማ ይጠቁራል። የተጻፈው 92 ያኔ ታሪክ ሆኗል።

ሙቀቱን የሚወስነው ባትሪው ነው። ብዙ ሰው ጭሱ እንዲወፍር ቮልቱን ይጨምራል፤ ምን እንደሚሆን በቁጥር ላሳይሽ። የማሞቂያው መቋቋም 1.4 ኦም ቢሆን በ2.8 ቮልት 5.6 ዋት ይሠራል። በ3.7 ቮልት ግን ወደ 9.8 ዋት ይወጣል። ቮልቱ በሦስተኛ እጅ ጨምሮ ሙቀት የሚሆነው ኃይል በሦስት አራተኛ ገደማ ጨመረ ማለት ነው፤ ኃይል በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ። ተርፒን በጣም ሲሞቅ ተሰብሮ ሜታክሮሊን የሚባል ሳንባ የሚቆጠቁጥ ነገርና ቤንዚን ያወጣል። ዘይቱ ውስጥ ያልነበረውን መርዝ ሰውየው በጣቱ ፈጠረው። ላይቭ ሬዚንና ሮዚን ከ2.2 እስከ 2.6፣ ዲስቲሌት ከ2.6 እስከ 3.2 ቮልት ይበቃቸዋል። ባትሪው ቮልት የማይመረጥበት ከሆነ ሌላ ይግዛ፤ ከዘይቱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ወጪ ነው። ስበቱ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይሁን፣ በሁለት ስበት መካከል ግማሽ ደቂቃ ይረፍ፣ ዘይቱ ወደ ማሞቂያው ተመልሶ እንዲገባ ጊዜ ያስፈልገዋል። የተቃጠለ ጣዕም ከመጣ ማሞቂያው ደርቋል ማለት ነውና ያቁም። ዘይቱ እያለ ጣዕሙ ካልተመለሰ ካርትሪጁ አልቋል፤ የቀረውን ለማዳን ቮልት መጨመር አይገባም።

ከተዘጋበት ደግሞ አጥብቆ አይሳብ፤ ዘይቱ ራሱ ተስቦ አፍና ጉሮሮ ይገባል። በእጁ ይዞ ጥቂት ያሙቀው፣ ወይም ሳይሳብ ዘይቱን በቀስታ የሚያሞቀውን የባትሪውን ማሞቂያ ይጠቀም። ካርትሪጁ ቆሞ፣ ጨለማ ቦታ፣ ከመኪና ውስጥ ሙቀት ርቆ ይቀመጥ።

ሽታው ይረዳል ወይ? በመጠኑ። የተክሉ ተርፒኖች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ሊሞኒን ከዘጌ ሎሚ ልጣጭ ጣትሽ ላይ የሚቀረው ነው። ሊናሉል የድንብላል፣ ማይርሲን የጠጅ ሳር፣ ፓይኒን የጥድና የጥብስ ቅጠል፣ ካሪዮፊሊን የቁንዶ በርበሬና የቅርንፉድ ነው። የተክሉን የራሱን ተርፒን የያዘ ዘይት እነዚህ ተደበላልቀው ይሸቱታል፤ ቅጠል ቅጠልም፣ አፈር አፈርም ይላል። ከረሜላ፣ ማስቲካ ወይም እንጆሪ ብቻ የሚሸት ከሆነ ከውጭ የተጨመረ ጣዕም ነው። የምግብ ማጣፈጫ ጣዕም ደግሞ ለሆድ የተፈቀደ እንጂ ለሳንባ የተፈተነ አይደለም። ተርፒን ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ጉሮሮ ይቆርጣል፣ ያስላል፤ ያንን ሳል «ኃይለኛ ነው» ብለው የሚያደንቁት አሉ፣ ስሕተት ነው። ሽታ የማይነግርሽ ግን ብዙ ነው። እርሳስ አይሸትም። ቫይታሚን ኢ አሲቴትም እንዲሁ።

ወንድምሽ ሕመምተኛ ስለሆነ አንድ ነገር ጨምሬ በግልጽ ልበል። ይህን ሁሉ ያለፈ ቬፕም ቢሆን ሳንባ ውስጥ የሚገባ ትኩስ ዘይት ነው። ሌሊት የሚያሳድር ማስታገሻ ከፈለገ ምላስ ሥር የሚጠባጠብ ዘይት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል፣ ሳንባን አይነካም፣ መጠኑም በጠብታ ይለካል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ካናቢስ መጠቀሙን ሐኪሙ የግድ ማወቅ አለበት። በቤተሰባችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በ2019 የታተመ፣ በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተካሄደ ጥናት ከ10 በመቶ በላይ ቲኤችሲ ያለውን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ጨርሶ ከማይጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ በሳይኮሲስ (ከእውነታ በሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) የመያዝ ዕድላቸው ወደ 5 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ያ ጥናት «ኃይለኛ» ያለው ከ10 በመቶ የሚጀምረውን ነው፤ ወንድምሽ የሚያወራው ስለ 92 ነው።

አሁን ወደ ጥምቀቱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ወደ አገር ማስገባትንም፣ መያዝንም፣ መጠቀምንም በእስራት ያስቀጣል። የካሊፎርኒያ ሐኪም የጻፈው ወረቀት ቦሌ ላይ አያድነውም። ከዚያም በፊት ካናቢስ ይዞ ከአሜሪካ መውጣት በፌዴራሉ ሕግ በራሱ ወንጀል ነው፤ የካሊፎርኒያ ፈቃድ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ያበቃል። ባዶ ካርትሪጅም አይያዝ፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት ይበቃል።

በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ድንገት ሲያቆም እንቅልፍ ይጠፋል፣ ይነጫነጫል፣ ምግብ አይበላለትም፣ ሌሊት ያልበዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይጀምራል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይብሳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቃል። ጥምቀትን በዚህ ስሜት እንዳያሳልፍ ከጉዞው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀምር፤ በየሦስትና አራት ቀኑ የስበቱን ቁጥር በሩብ ይቀንስ፣ ከመብረሩ ሳምንት በፊት ያቁም። የወገቡን ሕመም ለመያዝ እዚህም በሕግ የሚያዝለትን መድኃኒት ሐኪሙ አስቀድሞ ይወስንለት፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የቀዶ ጥገናውን ማጠቃለያ የያዘ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። ረጅም በረራ ላይ ወገቡ እንዳይይዘው በየሰዓቱ መነሣትና መንቀሳቀስ ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል።

እዚሁ ባሕር ዳር «አገኝልሃለሁ» የሚለው ቢመጣስ? ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ፣ የባች ቁጥሩ፣ ወረቀቱ፣ የብረቱ ጣሪያ፣ አንዱም እዚህ የለም። በአዋጅ 1112/2011 መሠረት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትና መሸጥ ራሱ ክልክል ስለሆነ ማንም የሚመረምረው፣ ማንም የሚጠየቅበት ዕቃ አይደለም። ውስጡ ያለው ቲኤችሲ ይሁን፣ በላቦራቶሪ የተቀመመ «ስፓይስ» የሚባለው አደገኛ ዕፅ ይሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ እዚህ ስለሚሸጥ ቬፕ «ጥራቱ እንዴት ነው» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። ታናናሾችሽ ወይም የሰፈር ልጆች እጅ ካየሽ ይህን ንገሪያቸው።

እሱም ሆነ ማንም ቬፕ የተጠቀመ ሰው ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳት፣ ከእነሱም ጋር ማስታወክና የሆድ ቁርጠት ከያዘው ቤት ተኝቶ አይጠብቅ። የ2019ኞቹ ሕሙማን ብዙዎቹ መጀመሪያ የሳንባ ምች ተብለው አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸው ተመልሰው ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ቲቢ ነው ተብሎ ጊዜ ሊባክን ይችላል። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዶ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቬፕ መጠቀሙን፣ ምን ዓይነት እንደነበረና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሳበ ሳያፍር ለሐኪሙ ይናገር። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያና የደረት ራጅ ወዲያው እንዲታዘዝ የሚያደርገው፣ ሕክምናውንም የሚለውጠው ይህ አንድ መረጃ ነው። ታማሚው መናገር ካቃተው አብራው ያለችው ትናገር።